እሳቱን ሳታወጣ እንዳትሄድ

መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ልጄ የደወለልኝ ረፋድ ላይ ነበር። እኔ ሻርጃ ኢንዱስትሪ ሰፈር፣ የሆቴል አንሶላና ፎጣ በሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ፣ ቦይለሩ ሥር ተንበርክኬ ከታች የተጠራቀመውን ዝቃጭ አወጣ ነበር። እሱ ወሎ፣ ከተማችን ዳር ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እሱም ቦይለር አጠገብ። አባትና ልጅ በሁለት አገር አንድ ሥራ ላይ ነበርን። ይህ ነገር ያኔ ያኮራኝ ነበር፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራው ነበር።

«አባዬ፣ ሰው ሁሉ እየወጣ ነው» አለኝ። «ተኩሱ ከተራራው ማዶ ይሰማል። የፋብሪካው መኪና ግቢ ቆሞ ሠራተኛውን እየጫነ ነው። ልሂድ?»

«እሳቱስ?»

«እየነደደ ነው። ንጋት ላይ ነው የለኮስኩት።»

«ውሃውስ?»

«ግማሽ ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ፓምፑ ቆሟል። በእጅ ነው የምገፋው።»

ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ቦይለር ማለት እሳትና ውሃ አንድ ላይ የታፈኑበት ትልቅ የብረት በርሜል ነው። ውሃው ብረቱን እስከሸፈነው ድረስ ሰላም ነው። እሳቱ እየነደደ ውሃው ካለቀ ግን ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ጣራውን ይዞ ይሄዳል፤ አጠገቡ ያለውንም ሰፈር አይምርም። ሻርጃ ያለው የእኔ በናፍጣ የሚሠራ ነው፤ ቁልፍ ስጫን እሳቱ ይጠፋል። የልጄ ግን በእንጨት የሚነድ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ አሮጌ ነው። ፍሙ በመቆስቆሻ እየተጎተተ መውጣት አለበት። ፍሙ ወጥቶም ጡቡ ግሎ ይቆያል፤ እንፋሎቱ እስኪወርድ ሰው ቆሞ ውሃውን ይጠብቃል። እስከ ከሰዓት በኋላ ይወስዳል።

«እሳቱን ሳታወጣ እንዳትሄድ» አልኩት። «ፍሙን አውጣ፣ ውሃውን ጠብቅ፣ እንፋሎቱ ሲወርድ ቫልቩን ዝጋና ያኔ ሂድ። ከጀርባው ሰፈር አለ፤ ፈንድቶ ሰው ይጨርሳል።»

«መኪናውስ?»

«ሌላ መኪና ሞልቷል። ባይኖርም እግር አለህ።»

ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ይሰማኛል። «እሺ አባዬ» አለና ዘጋው።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። በሌላ ነገር ሁሉ የራሱን ያደርጋል፤ አግባ ብዬ ስለምነው እንኳ ስቆ ነው የሚያልፈኝ። በቦይለር ጉዳይ ግን የእኔ ቃል ለእሱ ሕግ ነው። በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ደወልኩ፤ መስመር የለም። በማግስቱም የለም። ጦርነቱ ከተማችን ገባ፣ ስልኩም ከነከተማው ጠፋ። ባለቤቴ ከሁለት ቀን በፊት ገጠር እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበርና እሷንም ማግኘት አልቻልኩም። ወጥቶ ይሆን ወይስ ቀርቶ ይሆን እያልኩ መጠበቅ ጀመርኩ።

ያን ቃል እኔ አልፈጠርኩትም። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ድሬዳዋ ባቡር ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። በስተርጅና ዘመድ ተጠግተው ወሎ መጡና የሳሙና ፋብሪካው ቦይለር ጠባቂ ሆኑ፤ እኔ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ረዳታቸው ሆኜ ተቀጠርኩ። ባቡር ሲሉ ዛሬ ሰው የሚያስበውን ባቡር አይደለም፤ በከሰልና በእንጨት እየነደደ፣ እንፋሎት እየተፋ የሚሄደውን ማለታቸው ነው። ባቡር ማለት ጎማ ያለው ቦይለር ነው ይሉን ነበር።

የባቡሩን ፍተሻ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። ባቡሩ ከመንገድ ሲገባ እሳቱ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሆዱ በውሃ ይታጠባል። ከዚያ ሰው በእሳቱ በር ሾልኮ ይገባል። ውስጡ ግድግዳውን ከግድግዳ የያዙ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቡሎኖች አሉ፤ እያንዳንዱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርጋል። ደህናው ቡሎን ይጮኻል። የተሰበረው ግን በዓይን ምንም አይታይበትም፤ ሲመቱት ድምፁ ብቻ ታፍኖ ይደፍናል። «ብረት አይዋሽም፤ የሚያዳምጠው ሰው ነው የሚጠፋው» ይሉኝ ነበር።

የጦርነት ወሬያቸው ደግሞ አንድ ነው፤ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጣሊያን ሊወጣ እንግሊዝ ሊገባ ባለበት ሰሞን ነው፤ እሳቸው ገና አመድ የሚጠርጉ ጎረምሳ ናቸው። አንድ ባቡር እሳቱ እንደነደደ ቆሞ አውሮፕላን መጣ ተባለ። ነጂውም አንዳጁም ፈታሹም ወደ ቁጥቋጦው ሮጡ። እሳቸውም ሮጡ። መንገድ ላይ ግን የውሃውን ልክ በሚያሳየው መስታወት ያዩት ውሃ ትዝ አላቸው፤ ዝቅ ብሏል። ብቻቸውን ተመለሱ፣ ውሃ ሰጡት፣ ፍሙን እየጎተቱ አወጡ። አውሮፕላኑ በላያቸው ዞረና ሄደ። አለቃቸው በማግስቱ የመፈተሻ መዶሻ ሸለማቸው። ወሬው ሲያልቅ ሁሌም መዶሻውን አውጥተው ያሳዩናል፤ «እሳት ያለበትን ጥሎ የሄደ ወንድ አይባልም» ይላሉ።

ያን መዶሻ ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ወደዚህ ስመጣ ለልጄ ሰጠሁት፤ ከነወሬው። አንድም ቀን ግን እኔም እሱም ያልጠየቅነው ነገር አለ። እንደ እሳቸው ተመልሶ ሄዶ አውሮፕላኑ ዞሮ ያልሄደለት ስንት ሰው ይኖር ይሆን? ወሬ የሚያወራው የተረፈው ነው፤ ያልተረፈው መዶሻ አይሸለምም።

ላውንደሪው ውስጥ አሥራ ሁለት የአገራችን ሴቶች አሉ። ግማሾቹ የወሎ ናቸው፣ ሌሎቹ ጎጃምና አዲስ አበባ። ብዙዎቹ ከማዳም ቤት ወጥተው የመጡ ናቸው። ከዱባይ ማሪና ሆቴሎች በመኪና የሚመጣውን አንሶላ ያጥባሉ፣ በእንፋሎት እየጋለ በሚዞር የመተኮሻ ጥቅል ብረት መካከል ያሳልፋሉ፣ ያጥፋሉ። እንፋሎቱ የእኔ ነው። እኔ ስተኛ እነሱ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ያከብሩኛል፣ ይቀልዱብኛልም። የመተኮሻው ኃላፊ የጎጃም ሴት ናት፤ አፏ ስለታም፣ ሆዷ ቂቤ። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከደጃፉ ሳልገባ ትጠይቀኛለች።

«ጋሼ፣ መስመር ገባልዎ?»

«አልገባም።»

«አይዞዎት። ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው።»

ከእሷ ቀጥሎ ሌሎቹም ይጠይቁኛል። ማደሪያዬ እዚያው ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር ነው፤ ስድስት ሰው በአንድ ክፍል፣ አልጋ ብቻ የሚከራይበት፣ ቤድ ስፔስ የሚሉት። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ላይ የሚተኛው የሰፈሬ ሰው ነው። ዱባይ፣ አል ጋርሁድ አንድ የጭነት መጋዘን ይሠራል፤ በዕድሜም ይበልጠኛል። እሱም ማታ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «ደወልክ?» ነው የሚለው። «አልገባም» ስለው «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ይላል። ጥያቄው አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። ገብቶልኝ ቢሆን እየጨፈርኩ አልመጣም ነበር? አሁን ግን ያን ጥያቄ በገንዘብ የሚሸጥልኝ ባገኝ እገዛው ነበር።

በመሃሉ የዓመቱ ፍተሻ ደረሰ። ቦይለር በዓመት አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ ይከፈታል፤ ከውጭ መሐንዲስ መጥቶ ውስጡን አይቶ ማህተም ያደርጋል። ዓምና ያለፍነው በማስጠንቀቂያ ነበር። ዘንድሮ ከወደቅን ይታሸጋል። ከታሸገ ሆቴሎቹ አንሶላቸውን ወደ ሌላ ይወስዳሉ፤ ሱፐርቫይዘሩ ሴቶቹን ሰብስቦ ይህንኑ ነግሯቸዋል። ቪዛቸው በላውንደሪው ስም ነው። ወደየት ነው የሚመለሱት? ግማሾቹ የመጡበት ከተማ ያን ጊዜ የጦር ሜዳ ነው። ፍተሻው ይለፍ እያሉ የወሎዎቹ ዱዓ ያደርጋሉ፣ የጎጃሞቹ ስለት ይሳላሉ። እኔ በመሃል ቆሜ ለሁለቱም አሜን እላለሁ።

ፍተሻው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ቦይለሩን አጥፍቼ ማቀዝቀዝ ጀመርኩ። ሥራው በትንሿ ተጠባባቂ ቦይለር እያነከሰ ቀጠለ። ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ፈትቼ ገባሁ። የሻርጃ ሙቀት በውጭ፣ ብረቱ በውስጥ። በሆዴ እየተሳብኩ ከውሃ የቀረውን ነጭ ቅርፊት ፋቅሁ፤ እያንዳንዱን ቡሎንና ቱቦ በመዶሻዬ መታ መታ አደረግሁ። ይህኛው መዶሻ ከጎረቤት ከተማ፣ ከአጅማን ሱቅ የገዛሁት ነው፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ከኋላ በኩል የሁለት ቱቦዎች ድምፅ ደፈነብኝ። እንደገና መታኋቸው፤ ያው ደፈነ።

ለሱፐርቫይዘሩ ነገርኩት። እሱ የህንድ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው።

«ይንጠባጠባሉ?» አለኝ።

«ገና አይንጠባጠቡም።»

«እንግዲያው ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለም። ቀባ አድርገህ ዝጋው፣ ኸላስ።»

«አልዘጋም።»

«መሐንዲሱ አያየውም እኮ!»

«እኔ አይቼዋለሁ» አልኩት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አለቅሁም። ቱቦዎቹ አጅማን ካለ ጋራዥ ተቆርጠው እስኪመጡና እስኪገጠሙ ፍተሻው በአራት ቀን ተራዘመ። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። የመተኮሻዋ ሴት መጥታ «ጋሼ፣ የግድ ነው? እንዲህ ያለውን አራት ቀን እንዴት እንችለዋለን?» አለችኝ። ሥራውን መስሎኝ «ሥራ በትክክል ሲሠራ ጊዜ ይወስዳል» ብዬ ሰበክኋት። ዓይኔን ማየት አቅቷት ሄደች።

በእነዚያ ቀናት የሆነውን አሁን አንድ በአንድ እቆጥረዋለሁ። መጀመሪያ ጥያቄው ቆመ። ጠዋት ስገባ «ጋሼ፣ ቁርስ በሉ?» ይሉኛል እንጂ «መስመር ገባልዎ?» የሚል የለም። የሰፈሬ ሰውም ማታ ገብቶ ዝም ብሎ ጫማውን ያወልቃል። ስለ ጦርነቱ ጠዋት ማታ ሲከራከሩ የነበሩት የክፍሌ ልጆች እኔ ስገባ ስልካቸውን ይገለብጣሉ። አንድ ቀን የመተኮሻዋ ሴት ከቤቷ ምግብ ቋጥራ አመጣችልኝ፤ አራት ዓመት አብረን ስንሠራ አድርጋው አታውቅም። የሰፈሬ ሰው ከራሱ አዲስ ብርድ ልብስ አውርዶ እግሬ ላይ ጣል አደረገልኝ።

እኔ ምን አሰብኩ? ሥራዬን አዩልኝ ብዬ አሰብኩ። ለእነሱ እንጀራ ብዬ ብረት ውስጥ ስሳብ ልባቸው ተነካ ብዬ ኮራሁ። ከመቶ ቡሎን መካከል የደፈነውን በጆሮዬ የምለይ ሰው፣ አሥራ ሰባት ሰው በዙሪያዬ ሲደፍን አልሰማሁም። ሰምቼም ይሆናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ምናልባት ሆዴ አውቆ ነው በዚያ ቦይለር ውስጥ እንደዚያ ተወሽቄ የከረምኩት።

መሐንዲሱ ሐሙስ ዕለት መጣ። ዕድሜው የገፋ ግብፃዊ ነው፤ ሱሪውን ሰብስቦ ራሱ ገባ። ብዙዎቹ ከበር ላይ በባትሪ አይተው ነው የሚፈርሙት፤ እሱ ግን እንደ እኔ መዶሻ አውጥቶ እየመታ አዳመጠ። ሁለቱ አዲስ ቱቦዎች ጋ ደርሶ ቆመ። ከወጣ በኋላ ቦይለሩ በውሃ ተሞልቶ ግፊት ተሰጠው፤ አንድም ጠብታ አልወጣም። ላቡን እየጠረገ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። የእንፋሎት ባቡር ሠራተኛ አልኩት። ሳቀ፤ የእሱም አያት በአገሩ ባቡር ላይ አንዳጅ እንደነበር ነገረኝ። ማህተሙን ሲያደርግ ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ግን አጭር ነበር፤ አንዷ ጀምራ ሌሎቹ ሳይቀበሏት ቀረ።

ሱፐርቫይዘሩ ደስ ብሎት ለሁላችን ቢርያኒ አስመጣ። የታጠፈ አንሶላ በሚደረደርበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ሴቶቹ በእኔ ሳህን ላይ ሥጋውን እየመረጡ ይከምራሉ።

«በሞቴ ይብሉ ጋሼ!»

«ጠገብኩ እኮ።»

«ይቺን ብቻ። በእኔ ሞት ይቺን!»

እኔም ሞቅ ብሎኝ ወሬ ጀመርኩ። «መስመር ይግባ ብቻ፤ ይህን ለልጄ ነው የምነግረው። ያ ግብፃዊ ‹ማን አስተማረህ› አለኝ ስለው ይሞታል በሳቅ» አልኩ። የመተኮሻዋ ሴት ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች ተነስታ አንሶላው መካከል ገባች። እጇን ልትታጠብ ነው አሉኝ። እኔም አመንኩ።

የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም፤ በመንገድም አይናገርም። ሰውዬው መጀመሪያ ይብላ፣ ይተኛ፤ ሲነጋጋ ዘመድ ተሰብስቦ ደጁን ያንኳኳል። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ የስንቱን ደጅ አንኳኩቻለሁ። ዓርብ ዕለት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጋደም እንዳልኩ በራችን ተከፈተ። የሰፈሬ ሰው ቀድሞ ገባ፤ ከኋላው ከዱባይና ከአጅማን የመጡ የአገሬ ሰዎች። ከሁሉም በኋላ የመተኮሻዋ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ገባች። ያ ክፍል የወንዶች ነው፤ ሴት ገብታበት አታውቅም። እሷን ባየሁ ጊዜ አወቅሁ።

«ልጄ ነው?» አልኩ።

«አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» አለ የሰፈሬ ሰው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ አላውቀውም።

ስረጋጋ የነገሩኝ ይህን ነው። ያን ዕለት መኪናው ሠራተኛውን ጭኖ ረፋድ ላይ ወጣ። ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ጥሩንባ ነፋለት፤ ልጄ ከቦይለሩ ቤት ብቅ ብሎ «ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» ብሎ እጁን አወዛወዘ። በመኪናው የወጡት ሁሉ በሕይወት አሉ። እሱ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ወጣ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ተኩሱ ቀድሞት ነበር። ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ሁሉም ለሌላው ያሸክመዋል። ሁለት ቀን ሜዳ ላይ ዋለ፤ አደረ። ያልሸሹ ሁለት ሽማግሌዎች አፈር አለበሱት።

«መቼ ሰማችሁ?» አልኩ።

የሰፈሬ ሰው ምንጣፉን ያያል። ከልጄ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት አዲስ አበባ ደርሶ፣ ወሬውን ከኋላ ከመጡት ሰምቶ ለእሱ ነበር የደወለለት።

«መቼ ነው የሰማችሁት?»

«አሥራ ሦስት ቀናችን ነው» አለች የመተኮሻዋ ሴት። እሷ ብቻ ናት እውነቱን የነገረችኝ። «ፍተሻው ይለፍ ብለን ነው ጋሼ። ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረው። ቢነገርዎት እርስዎ ቦይለር ይገባሉ? ሌላ የሚያውቅ የለ። አሥራ ሁለት ሴት ነን። ተመካክረን ዘጠኝ ቀን እንቻለው አልን። ከዚያ እርስዎ አራት ቀን ጨመሩብን።»

ተነስቼ ጮህኩ። የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ስበላ፣ ስቀልድ፣ ስኮራ፣ የልጄን ሬሳ አጠገባቸው አስቀምጠው እንዳጎረሱኝ ነገርኳቸው። ቦይለር ከልጄ በለጠባችሁ ወይ አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ወደ ጆሮዬ ሲመለስ የማን ቃል እንደሆነ አወቅሁት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። እኔ በስልክ በሰፈርኩበት ቁና ነው እነሱም የሰፈሩልኝ፤ ያውም ቀንሰው። እነሱ ቦይለሩን ከለቅሶዬ ነው ያስቀደሙት፤ እኔ ግን ከልጄ ነፍስ። ቁጭ አልኩ። እነሱ ኃዘኑ ያደከመኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ። ያን ስልክ ለማንም አልነገርኩም ነበርና ምን እንደመታኝ ያወቀ የለም።

ሱፐርቫይዘሩ ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠኝ። በሁለተኛው ቀን ደወለና በጣም ይቅርታ እየጠየቀ እንፋሎቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው አለኝ። ሄድኩ። ምን ላድርግ? ክፍሉ ውስጥ ከሰው ዓይን ጋር ከመቀመጥ ብረቱ ይሻለኛል።

መስመሩ የተከፈተው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ጦርነቱ ከከተማችን ሲወጣ ፋብሪካው ተዘርፎ ተገኘ፤ ጣራው ሳይቀር ተገፏል። ቦይለሩን ግን ማንም አልነካውም፤ ከባድ ነዋ። ባለቤቴ ገብታ አይታው መጣች። እሳቱ ጥርግ ብሎ ወጥቷል አለችኝ፣ አመዱ በደንብ ተሰብስቧል፣ ቫልቩ ተዘግቷል። መዶሻው ቦታው ላይ ተሰቅሏል። አንድ የፋብሪካው ሰው መትቶ ሲያዳምጠው አንድም ቦታ እንዳልተሰነጠቀ ነግሯታል። እኚያ ሽማግሌ ቢያዩት ይሸልሙት ነበር። እኔም የማደንቀው የመጀመሪያው ሰው እሆን ነበር፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ከዚያ ወዲህ እሳት ያልገባበት ብረት ነው፤ ግቢው ውስጥ ዶሮ ይሰፍርበታል።

ሰፈሩስ ትሉኝ ይሆናል። ቦይለሩ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ሰው ይሞት ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ባለቤቴ ግን ያን ቀን ከጀርባ ባለው ሰፈር ነፍስ ያለው ፍጡር እንዳልነበረ፣ ከማለዳው ጀምሮ ባዶ እንደነበረ ነገረችኝ። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። ስልክ ይዤ ሻርጃ ተንበርክኬ፣ ባዶ መሆኑን ያላየሁትን ሰፈር ለማዳን የወለድኩትን ልጅ አስቀረሁት።

እሷ ይህን አታውቅም። ልጇ መኪናው ላይ ያልወጣው ለምን እንደሆነ ነው ቀን ከሌት የምትጠይቀው። ጎረቤቱን ጠይቃለች፣ ሾፌሩን ጠይቃለች፣ ድልድዩ ጋ ሄዳ ድንጋዩን ጠይቃለች። የምነግርበትን ቀን እየጠበቅሁ ነው። አንድ ጊዜ ታመመች፤ ስትድን አልኩ። አንድ ጊዜ ሰደቃው ደረሰ፤ ሲያልፍ አልኩ። አንድ ጊዜ ሳቋን ሰማሁና ሳቋን አላጥፋባት አልኩ። መርዶዬን አሥራ ሦስት ቀን ባስቀመጡብኝ ሰዎች ላይ የጮህኩት እኔ፣ ይኸው ዓመታት አስቀመጥኩባት። ሆድ ይፍጀው እላለሁ፤ ይፈጀዋልም፤ ግን አይጨርሰውም።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ቦታ ደወልኩላት። የመተኮሻው ጥቅል ይዞራል፣ ሴቶቹ ያጥፋሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሴት ልጃችን ትምህርት ተጫወትን። ልትዘጋው ስትል ያው ጥያቄዋ መጣ።

«እንዲያው ይህን ብቻ ባውቅ» አለችኝ። «ሁሉም ሲወጣ ልጄን ማን አስቀረው?»

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ የውሃውን መስታወት እያየሁ ነበር።

«ሥራ ይዞት ነው» አልኳት። ከዚያ ቦይለሩ ውሃ ሊያንስበት ነው፣ መሄዴ ነው ብዬ ዘጋሁት።